«ቪዲዮ ብቻ ነው» ስለሚባለው ማመካኛ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ላምበረት የሚባል ሠፈር አለ። ከበላዩ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ ይታያል፤ ከመንገዱ ዳር ደግሞ መናኸሪያው አለ። ከወሎና ከሰሜን ሸዋ የሚመጡ ብዙ መንገደኞች የአዲስ አበባን መሬት መጀመሪያ የሚረግጡት እዚያ ነው። ከመንገደኞቹም መካከል ሕፃናት አይጠፉም። አንዱ ለትምህርት፥ አንዷ ለቤት ሠራተኝነት፥ ሌላው ዘመድ ፍለጋ ይመጣል። ፌስታላቸውን አቅፈው፥ የሚቀበላቸውን ሰው ፊት እየፈለጉ ሲቆሙ ያየ ሰው ልቡ ሳይራራ አይቀርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ አካባቢ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና፥ በስልክ ላይ ዘፈን ከምትጭን አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። ከአጠገቤ ሦስት ጐበዛዝት በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ቆመው ነበር። መጀመሪያ ይሥቁ ነበር። በኋላ ግን ከሦስቱ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ልጅ ናት እኮ» አለ። ሁለተኛውም፥ «ታዲያ ምን አገባህ? ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ያለፈ ነገር ነው» ሲል መለሰለት። የስልኩ ባለቤት ደግሞ፥ «እኔ አላነሣሁት፤ ተልኮልኝ ነው» አለ። ጥቂት ዝም ካለም በኋላ፥ «ይልቅስ ሰውየው እንዲጋለጥ ለሌላውም መላክ ነው» ብሎ ጨመረ።

እኔ የሚያዩትን አላየሁም፤ ለማየትም አልፈለግሁም። ነገር ግን ምን እንደ ሆነ ገብቶኛል። አንባቢ ሆይ፥ ኀፍረቴን ሳልሸሽግ ልንገርህ፤ ዝናቡ ባባራ ጊዜ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ መንገዴን ቀጠልሁ። ስለዚህ ነገር ከማላውቃቸው ልጆች ጋር በመንገድ ላይ መነጋገር ነውር መሰለኝ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነውሩ መናገሩ ሳይሆን ዝም ማለቱ እንደ ነበረ ተረዳሁ። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ያልከፈልሁትን ዕዳ ለመክፈል ነው።

በዚያች በረንዳ ሥር ሦስት ማመካኛዎችን ሰማሁ። አንደኛው «ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ያለፈ ነገር ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «እኔ አላነሣሁትም» የሚለው ነው። ሦስተኛው «ለማጋለጥ ነው» የሚለው ነው። እነዚህ ቃላት የሦስቱ ጐበዛዝት ብቻ አይደሉም። በትምህርት ቤትም፥ በቢሮም፥ በቡና ቤትም ይነገራሉ፤ የሚናገሯቸውም ሁልጊዜ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስለዚህ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይገባናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ሰዎች ይህን ነገር «ፊልም» ይሉታል። ፊልም ግን ተዋናዮች አውቀውና ፈቅደው የሚጫወቱት፥ ዋጋቸውንም ተቀብለው ወደየቤታቸው የሚሄዱበት ሥራ ነው። ሕፃን አልተጫወተችም፤ አልፈቀደችም፤ ልትፈቅድም አትችልም። በእርስዋ ላይ የተፈጸመው ወንጀል ነው፤ የተቀረጸውም የወንጀሉ ማስረጃ ነው። አንድ ሽፍታ ሰው ሲደበድብ ቢቀረጽ ድብደባውን «ተውኔት» የሚል ሰው አለን? የለም። ስለዚህ ነገር በብርቱ ያሰቡ ልዩ ልዩ የሕፃናት መብት ድርጅቶች በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሉክሰምበርግ በተስማሙበት የቃላት መመሪያ፥ «የሕፃናት ፖርኖግራፊ» የሚለው አጠራር ቀርቶ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ በደል ምስል እንዲባል መክረዋል። ስሙን ማስተካከል ትንሽ ነገር አይምሰልህ። ስሙ ሲለሰልስ ኅሊናም አብሮ ይለሰልሳል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ማመካኛ እንመለስ። በእውነት ነገሩ ያለፈ ነውን?

የተመታ ሰው ቁስሉ ይድናል፤ ጠባሳውም በልብስ ይሸፈናል። የተሰደበም ሰው ሰዳቢው ሲሞት ወይም ሲረሳ ያርፋል። የእንዲህ ያለ ምስል ጠባይ ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይሉ ነበር፤ ከአንድ ስልክ የወጣ ምስል ደግሞ አፋፉን ብቻ ሳይሆን ባሕሩንም ይሻገራል። ሕፃኗ አድጋ፥ ተምራ፥ ትዳር ይዛ፥ ልጆች ወልዳ ሳለች እንኳ፥ በምስሉ ውስጥ ያለችው ያችው የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ በደሉም ባየው ሰው ፊት እንደ አዲስ ይፈጸማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን ነገር ሲመረምር፥ ምስሉ የበደሉ ዘላቂ መዝገብ እንደ ሆነና በተዘዋወረ ቁጥር ጉዳቱን እንደሚያባብስ ፈርዷል።

በዚያው አገር በፍርድ ቤት መዝገብ ትክክለኛ ስምዋ ተሰውሮ የምትታወቅ አንዲት ሴት አለች። በስምንትና በዘጠኝ ዓመትዋ አጎትዋ በደላት፤ በደሉንም ቀረጸው። ሰውየው ተፈረደበት፤ እርስዋም ሕክምና አግኝታ እየተጽናናች ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ግን ምስልዋ በማታውቃቸው ሰዎች እጅ በየአገሩ እየተዘዋወረ መሆኑን ሰማች። ከዚያ ወዲህ በምስልዋ ምክንያት ሰው በተያዘ ቁጥር ማስታወቂያ ይደርሳት ጀመር። የዳነ የመሰለው ቁስል እንዲህ ተመልሶ ተከፈተ። ይህች ሴት ያለፈ ነገር አላት ልንል እንችላለንን?

በካናዳ ያለው የሕፃናት ጥበቃ ማእከል በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በደላቸው የተቀረጸባቸውን 150 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ከመቶ 70 የሚሆኑት «ምስሌን ያየ ሰው ያውቀኝ ይሆን?» የሚል ሥጋት ዘወትር እንደማይለያቸው ተናገሩ። ይህም ከንቱ ፍርሃት አልነበረም፤ ከመካከላቸው 30ዎቹ በእርግጥ ምስሉን ባየ ሰው ታውቀዋል። ይህን ወደ ሠፈራችን አምጥተህ አስበው። ከላምበረት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያሉ ሰዎች ስልክ ተመልክተው ይሥቃሉ። የሚሥቁት ምናልባት በሌላ ቀልድ ነው፤ እርስዋ ግን ደምዋ ይቀዘቅዛል። ፀጉርዋን ትቀይራለች፤ ትምህርት ቤት ትለውጣለች፤ በመጨረሻም ከቤት መውጣት ትተዋለች። በዳይዋ አንድ ሰው ነበር፤ የምትፈራው ግን መንገደኛውን ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ማመካኛ «እኔ አላነሣሁትም፤ ተልኮልኝ ነው» የሚል ነው። ይህ ነገር በአገራችን ገበሬ ዘንድ እንዴት እንደሚፈረድ እንይ። ሌሊት የተሰረቀ በሬ ታርዶ ሥጋው ቢከፋፈል፥ ከሥጋው የበላ ሰው «እኔ አልሰረቅሁም፤ ደርሶኝ ነው» ቢል የበሬው ባለቤት ይሰማዋልን? በሊታው ከየት እንደ መጣ እያወቀ ስለ በላ የሌባው ተባባሪ ነው። በሊታ ባይኖር ሌባው በሬውን ባልነካ ነበር።

በዚህም ነገር እንደዚሁ ነው። አዲስ ምስል የሚፈለገው የሚያየው ሰው ስላለ ነው፤ አዲስ ምስል ተፈለገ ማለት ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ፥ በአንዲት ሕፃን ላይ፥ አዲስ በደል ይፈጸም ማለት ነው። ከላይ ስለ ነገርሁህ ሴት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈረደው ነገር፥ ተከሳሹ አጎትዋ አልነበረም፤ ከማይታወቁት ተመልካቾች አንዱ ነበር። ከምስልዋም የያዘው ሁለት ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ የጉዳትዋን ሁሉ ካሣ በእርሱ ላይ አልጫነም፤ ነገር ግን ጉዳትዋን ያመጣው የምስሉ መዘዋወር ስለ ሆነ፥ እርሱም ከተመልካቾቹ አንዱ በመሆኑ የድርሻውን ይክፈል ብሏል። ፍርዱ የሚያስተምረን ይህን ነው፤ ብዙ ሰዎች የተካፈሉት ጥፋት ለያንዳንዱ ያንሳል እንጂ ከያንዳንዱ አይጠፋም።

የአገራችንም ሕግ ይህን ማመካኛ አይቀበልም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 12 እንዲህ ያለውን ምስል ማዘጋጀትን፥ ማስተላለፍን፥ መሸጥንና ማሠራጨትን ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትንም ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት ነው። አካለ መጠን ያልደረሰ መስሎ የሚታይ ሰው ያለበትንም ምስል አዋጁ አብሮ ከልክሏል። ይህም ቃል በዛሬው ጊዜ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ዛሬ ከአንዲት ተማሪ የተለመደ ፎቶግራፍ ፊትዋን ወስዶ በሐሰት የነውር ምስል የሚሠራ መሣሪያ መጥቷልና። «በመሣሪያ የተሠራ እንጂ እውነት አይደለም» የሚል አለ። ፊቱ ግን የእርስዋ ነው፤ በክፍልዋ የሚሣቅባትም እርስዋ ናት።

ሦስተኛው ማመካኛ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም የጽድቅ ልብስ ለብሷል። «ሰውየው እንዲጋለጥ፥ ሰው ሁሉ እንዲቆጣ አሠራጨሁት» ይላል። ቁጣው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማን ተጋለጠ? ሺህ ሰው ያየው የበዳዩን ስም አይደለም፤ የሕፃኗን ፊትና ኀፍረት ነው። እርስዋን ለማዳን የተቆጣው ሰው፥ ሊጎዳት የፈለገው ሰው ያደረገውን ራሱን አደረገ፤ ልዩነቱ በልቡ ያለው አሳብ ብቻ ነው፤ አሳብም ለሕፃኗ አይታያትም። ከዚህም በላይ በየመንደሩ የተበተነ ምስል በዳዩን አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ስልኩን ለመስበርና ለመሸሽ ጊዜ ይሰጠዋል።

ፍትሕ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፈለግህ፥ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተበደሉ ሕፃናት እንዴት እንደሚመሰክሩ ተመልከት። ሕፃኗ በዳይዋ ፊት አትቆምም። ለብቻዋ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፤ በአጠገብዋም ሙያው ያለው ሰው ተቀምጦ የፍርድ ቤቱን ጥያቄ ለዕድሜዋ በሚስማማ ቃል ይጠይቃታል። ዳኛው ድምፅዋንና ፊትዋን የሚያገኘው በካሜራ ነው። ልብ በል፤ እዚያም ካሜራ አለ። ነገር ግን ያ ካሜራ የተተከለው ሕፃኗን ከበዳይዋ ዓይን ለመሰወር ነው፤ የሚያየውም መፍረድ ያለበት ሰው ብቻ ነው። አንድ ዓይነት መሣሪያ በአንድ ክፍል ጋሻ፥ በሌላው ጦር ሆነ። ልዩነቱ ማን ያያል? ለምንስ ያያል? በሚለው ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ተበዳይዋ ነው። ነገር ግን ይህ ክፉ ነገር ማኅበሩን ሁሉ እንዴት እንደሚጎዳም ማየት ይገባናል።

ጥፋተኛው ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ ጭራቅ ይመስለናል። ወሎ ውስጥ በጃሪ፥ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት መጠጊያ የሆነ መንደር ነበረ፤ ያስተዳድረው የነበረው ቴር ዴዞም የተባለ የስዊስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የመንደሩ ኃላፊ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው በሕፃናቱ ላይ ስላደረሰው ወሲባዊ በደል፥ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ይህን የማነሣው ስለ ምስል ሳይሆን ስለ እምነት ለመናገር ነው። ሰውየው ለእነዚያ ልጆች እንደ አባት ሆኖ የተሾመ ነበር። በደል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ልጁ ከሚያውቀውና ከሚያምነው ሰው ነው፤ ሰው ጥሩ ስም ስላለው ብቻ ልጅን የማይሰማ ማኅበር ለእንዲህ ያለው ሰው በር ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ዛሬ ደግሞ በሩ በእያንዳንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። ኤክፓት፥ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በኢትዮጵያ አስጠንተው በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጡት ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት ከሆኑት የኢንተርኔት ተጠቃሚ ልጆች ከመቶ 10ሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም በደል በዚሁ መንገድ እንደ ደረሰባቸው ይገልጻል። ይህም በአገሩ ሕዝብ ልክ ሲሰላ ወደ 300,000 የሚጠጋ ልጅ ነው። ወደ ፖሊስ የሚሄደው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው።

ለምን አይናገሩም? ምክንያቱም «ነውር» የሚለውን ቃል ለማን እንደምንሰጥ ስተናል። ነውር የበዳዩ ነበር፤ እኛ ግን ለተበዳይዋ ሰጠናት። ምስሉ በወጣ ጊዜ «ምን ፈልጋ ሄደች? ምን ለብሳ ነበር? ለምን ፎቶግራፍ ላከችለት?» እንላለን። ይህን ጥያቄ የሰማች ሌላ ልጅ ትምህርቱን ወዲያው ትማራለች፤ እርስዋም ቢደርስባት ዝም ማለት እንደሚሻላት ትረዳለች። በዳዩም ይህን ያውቃል። «ካልመጣሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ብሎ የሚያስፈራራት ለዚህ ነው። መሣሪያው ስልኩ ብቻ አይደለም፤ የአባትዋ ቁጣና የጎረቤትዋ ምላስም የእርሱ መሣሪያ ሆነውለታል። አባትዋ «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ ቤትሽ ግቢ» የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ የዚያ ሰው ዛቻ ባዶ በሆነ ነበር።

ተመልካቹም ሳይጎዳ አይቀርም። የሕፃን ልቅሶ እየሰማ ለመሣቅ የቻለ ሰው አንድ ነገር ከውስጡ ሞቶበታል። ዛሬ በስልክ ያየውን ነገ በታናሽ እኅቱ ጓደኛ ላይ አያስብም ብሎ ማን ዋስ ይሆነዋል? ልጅን እንደ ልጅ የማያይ ዓይን የበዛበት ሠፈር ደግሞ ወላጅ ልጁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ገበያ ሊወጣ የማይችልበት ሠፈር ይሆናል። አደራ የሌለበት ሠፈር የቤቶች ክምር ነው እንጂ ሠፈር አይባልም።

እንግዲህ፥ ወጣት ወዳጄ ሆይ፥ ምን ላድርግ? ትል ይሆናል። የሚደረገው ነገር አስቸጋሪ አይደለም። እንዲህ ያለ ምስል ቢደርስህ ለማንም አታስተላልፍ፤ «እስቲ ተመልከት» ብለህም ለጓደኛህ አታሳይ። ከማንና መቼ እንደ ደረሰህ ጽፈህ ያዝና፥ ሳትዘገይ የምታምነውን ትልቅ ሰው ይዘህ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ፤ ሕጉ ይዞ መገኘትንም ይቀጣልና ማዘግየት አይገባህም። ምስሉን ለላከልህ ጓደኛም «ይህን አትላክልኝ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሰንሰለት የሚበጠሰው ከአንድ ቀለበቱ ላይ ነው።

አንቺም እኅቴ፥ አንተም ወንድሜ፥ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰብህ ብትሆን፥ ጥፋቱ የአንተ እንዳልሆነ ከሁሉ አስቀድሞ እወቅ። ለሚያስፈራራህ ሰው ገንዘብም ሌላ ምስልም አትስጠው፤ የሰጡት ሰው ዛቻውን አይተውም። የጻፈልህን አታጥፋ፤ ለማስረጃ ይሆናል። አካልህ ከተጎዳ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፥ ምክሩንና የፖሊሱን ምርመራ በአንድ ስፍራ የሚሰጥ ክፍል አለ። ምስሉ እንዳይሠራጭ የሚረዳም ዘዴ ተገኝቷል። በአሜሪካ ያለው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማእከል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል አገልግሎት አለው። ምስሉ ከስልክህ ሳይወጣ እንደ ጣት አሻራ ያለ የቁጥር ምልክት ይሠራለታል፤ በስምምነቱ የገቡት ኩባንያዎችም በዚያ ምልክት እያወቁ ምስሉን ከገጾቻቸው ያግዳሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እውነት ነው። ቢሆንም ገና የሚፈሰውን መገደብ ይቻላል።

አሁን ወደዚያች በረንዳ ልመለስ። ከሦስቱ ጐበዛዝት አንዱ «ልጅ ናት እኮ» ብሎ ነበር። ያን ልጅ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። አዋጁን አንብቦ እንደ ሆነ አላውቅም፤ የተናገረው ግን የአዋጁን ፍሬ ነገር ነው። ጓደኞቹ ሦስት ማመካኛ አቀረቡለት፤ እርሱም ዝም አለ፤ ከአጠገቡ የቆምሁት ትልቁ ሰውም ዝም አልሁ። እኔ አንዲት ቃል ብረዳው ኖሮ ምናልባት ቃሉን ይደግመው ነበር፤ ስልኩም ይዘጋ ነበር።

እነሆ ዛሬም አውቶቡሶቹ ላምበረት ይደርሳሉ፤ ሕፃናቱም ፌስታላቸውን አቅፈው ይወርዳሉ። በከተማው ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው የሚወስኑት ደላላውና ፖሊሱ ብቻ አይደሉም፤ በረንዳው ሥር ስልክ ይዘው የቆሙትም ጭምር ናቸው። አንተ ከእነርሱ አንዱ ሆነህ ብትገኝና ያ ምስል ቢደርስህ፥ የምትለው ቃል ሦስት ቃል ነው፤ ድምፅህን ግን ዝቅ አታድርግ። ልጅ ናት እኮ።